ስም የጐደለውን ይሞላልን?

ስም የሚሰጠው ተቀባዩ እንቢ ለማለት በማይችልበት ዕድሜ ነው። ርስት የተሰጠው ሰው ርስቱን ሊሸጥ፣ ልብስ የተሰጠው ሰው ልብሱን ሊለውጥ ይችላል፤ ስም የተሰጠው ሕፃን ግን ገና ዓይኑን ገልጦ ሳያይ የሌላ ሰው ሐሳብ፣ የሌላ ሰው ተስፋ፣ አንዳንድ ጊዜም የሌላ ሰው ፍርሃት በላዩ ይጻፍበታል። ስለዚህ ስም የሚያወጣ ሰው ምን ማድረጉ እንደ ሆነ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው። ለዚህም ምርመራ ከቻይና ሕዝብ ጥንታዊ ልማድ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ በስም አወጣጥ እንደዚያ ሕዝብ ብዙ ሥርዐት፣ ብዙ ሒሳብና ብዙ ጥንቃቄ ያደረገ ሕዝብ ጥቂት ነውና።

የቻይና ሊቃውንት በዓለም ያለው ሁሉ በአምስት ኃይሎች መመላለስ ይኖራል ብለው ከጥንት ጀምሮ ያስተምሩ ነበር። እነርሱም ዕፅ፣ እሳት፣ መሬት፣ ብረትና ውኃ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ዞው የን የተባለው ፈላስፋ በዚህ ትምህርት የነገሥታትን መነሣትና መውደቅ ሳይቀር ይተረጕምበት ነበር። ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት መገኘቱን በጉባኤ ቤት የተማረ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም፤ ዳሩ ግን ቻይናውያን ነፋስን ትተው ዕፅንና ብረትን ስለ ጨመሩ አምስቱ ከአራቱ ጋራ አይገጥሙም። ልዩነቱም የቍጥር ብቻ አይደለም። አራቱ ባሕርያት ሥጋ የተሠራባቸው ናቸው፤ የቻይናውያን አምስቱ ግን ነገር የሚለዋወጥባቸው መንገዶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይወልዳል፣ አንዱ ሌላውን ያሸንፋል። ዕፅ እሳትን ይወልዳል፤ እሳት ዐመድ ሆኖ መሬትን ይወልዳል፤ መሬት ብረትን ከሆዷ ታወጣለች፤ ብረት ሲቀልጥ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ሌሊትም ጤዛ ይቋጥራል፤ ውኃ ደግሞ ዕፅን ያበቅላል። ሲሸናነፉም ዕፅ በሥሩ መሬትን ይሰነጥቃል፣ መሬት ውኃን ይገድባል፣ ውኃ እሳትን ያጠፋል፣ እሳት ብረትን ያቀልጣል፣ ብረት ዕፅን ይቈርጣል።

ሕፃን በተወለደ ጊዜ አባቱ የተወለደበትን ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ይዞ ወደ ኮከብ ቈጣሪ ይሄዳል። ቈጣሪውም ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፊደል ይሰጣል፤ አንዱ ከዐሥሩ የሰማይ ግንዶች፣ አንዱ ከዐሥራ ሁለቱ የምድር ቅርንጫፎች ነው። አራት ጊዜ ሁለት ስምንት ይሆናልና ይህ ሒሳብ «ስምንቱ ፊደላት» ይባላል። ከስምንቱ እያንዳንዱ ከአምስቱ ኃይሎች የአንዱ ወገን ስለ ሆነ፣ በተደረደሩ ጊዜ የትኛው እንደ በዛ፣ የትኛው እንዳነሰ፣ የትኛውም ፈጽሞ እንደ ጠፋ ይታያል። የጠፋውም በስም ይሞላል። ውኃ ለጐደለው ልጅ ውኃ ያለበት ስም፣ ዕፅ ለጐደለው ዛፍ ያለበት ስም ይወጣለታል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የጽሕፈታቸውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የቻይና ፊደል እንደ ግእዝ ፊደል ድምፅን ብቻ የሚያመለክት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ክፍል የተጋጠመ ሆኖ አንዱ ክፍል ድምፁን ሲጠቍም ሌላው የነገሩን ወገን ይናገራል። የወንዝ፣ የባሕርና የዕንባ ፊደላት በግራ ጐናቸው ሦስት የውኃ ነጠብጣብ አላቸው፤ የጥድና የኮክ ፊደላት ዛፍን፣ የመብራትና የምድጃ ፊደላት እሳትን ይዘዋል። በስም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባ «ዘ» የሚባል አንድ ፊደል አለ፤ ቸርነት፣ በጎ ውለታ ማለት ነው፤ በጐኑ ግን ሦስቱ ነጠብጣብ አሉ። ጠሪው ቸርነትን ይጠራል፣ ፊደሉ ውኃን ይደብቃል። ቅኔ የቈጠረ ሰው ይህን ባየ ጊዜ ሰምና ወርቅ ብሎ ከመጥራት ራሱን መከልከል አይችልም። ሁሉ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ስውር ጥበብ አይታገሥም። ጕድለቱን እጅግ የፈሩ ወላጆች አንዱ ምልክት ሦስት ጊዜ የተደራረበበትን ፊደል ይመርጣሉ፤ ሦስት ውኃ፣ ሦስት ዛፍ፣ ሦስት እሳት፣ ሦስት መሬት፣ ሦስት ወርቅ የሚጻፍባቸው ስሞች ዛሬም በቻይና ይገኛሉ። አንድ ማንኪያ የታዘዘውን መድኃኒት ሦስት ማንኪያ እንደ ማጠጣት ያለ ነው።

በ1921 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሉ ሹን የተባለው የቻይና ደራሲ «የትውልድ አገር» የሚል አጭር ልብ ወለድ ጽፎ አሳተመ። በታሪኩ ውስጥ ሩንቱ የሚባል የገበሬ ልጅ አለ። ስሙ ሁለት ፊደል ነው። «ሩን» ማለት የጨረቃን ዓመት ለማስተካከል የሚጨመረው ወር ነው፤ ልጁ በዚያ ወር ተወልዷልና። «ቱ» ማለት መሬት ነው፤ ስምንቱ ፊደላት በተቈጠሩ ጊዜ መሬት ጐድሎ ተገኝቷልና። አባቱ እጅግ ስለሚወደው እንዳይሞትበት ፈርቶ በጣዖታቱ ፊት ተስሎ በአንገቱ የብር ቀለበት አጥልቆለታል። ተራኪው የባለጸጋ ቤት ልጅ ነው፤ የሩንቱ አባት በዚያ ቤት በሥራ ብዛት ጊዜ የሚያገለግል ሠራተኛ ነው። ሁለቱ ልጆች ተገናኝተው ይዋደዳሉ፤ ሩንቱም በበረዶ ላይ ወፍ እንዴት እንደሚጠመድ፣ በጨረቃ ሌሊት የሐባብ እርሻ ከአውሬ እንዴት እንደሚጠበቅ ያጫውተዋል። ወደ ሠላሳ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ እንደ ገና ሲገናኙ የሩንቱ ፊት ጠውልጓል፣ እጁም እንደ ጥድ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። ደስታና ኀዘን ባንድነት በፊቱ ይታያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን ያጣል፤ በመጨረሻ የወጣው ቃል «ጌታዬ» የሚል ነው። ከኋላው የተሸሸገውንም ልጁን ወደ ፊት ስቦ እንዲሰግድ ያዘዋል። የልጁ ስም ሹይሸንግ ነው፤ ውኃ ወለድ ማለት ነው።

የኮከብ ቈጣሪው ሒሳብ ስሕተት አልነበረበትም ይባል። መሬት ጐድሎ ነበር፣ መሬትም ተሞላ፤ ሩንቱ ዕድሜውን ሁሉ መሬት ሲቈፍር ኖሯል። ደራሲው ያን ሰው ያደቀቀው ምን እንደ ሆነ ሲቈጥር ግን የልጅ ብዛትን፣ ረኀብን፣ ከባድ ግብርን፣ ወታደርን፣ ሽፍታን፣ ሹምንና ባላባትን ይጠቅሳል እንጂ ከአምስቱ ኃይሎች አንዱን እንኳ አያነሣም። ቈጣሪው ልጁ በስንት ሰዓት እንደ ተወለደ ጠየቀ፤ ልጁ ወደ ፊት የሚያርሰውን እህል ማን እንደሚወስድበት አልጠየቀም። ሁለቱን ወዳጆች የለያቸውም ስም በሕፃንነቱ በፍቅርና በፍርሃት የወጣለት ስም አይደለም፤ ማንም ሳያወጣለት ኑሮ ያስተማረው «ጌታዬ» የሚለው መጠሪያ ነው። አንባቢ ይህን ታሪክ አንብቦ በአባቲቱ ላይ ቢፈርድ ስሕተት ይሆናል። ድኻ አባት ልጁን ከሞት ለማዳን በእጁ ያለው አንድ ፊደልና አንድ የብር ቀለበት ብቻ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል። ፍርዱ ሊመረመር የሚገባው በአሳቡ ላይ ነው፤ ጕድለትን አይቶ ጕድለቱን በልጁ ላይ መጻፍ መድኃኒት ነውን?

በቻይና ከዚህ የቀደመ ሌላ ሕግ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ706 ዓመት የሉ አገር መስፍን ልጅ በወለደ ጊዜ ስለ ስም አወጣጥ ሼን ሹ የተባለውን መኰንኑን ጠየቀ። እርሱም ስም ከአምስት ነገር ይወጣል ሲል መለሰ፤ በልደት ጊዜ ከታየ ምልክት፣ ከምግባር፣ ከመልክ፣ ከሌላ ነገር በውሰት፣ ከአባትም ጋራ ከሚያመሳስል ነገር ነው። ልጁም አባቱ በተወለደበት ቀን ተወልዶ ነበርና «ቶንግ» ተባለ፤ እኩያ፣ ተመሳሳይ ማለት ነው። ኮንፊሽየስም ልጅ በወለደ ጊዜ የአገሩ መስፍን ዓሣ ስለ ላከለት ልጁን በዚያ ዓሣ ስም ጠራው ተብሎ ይተረካል። ሼን ሹ ግን ስም የማይወጣባቸውን ስድስት ነገሮችም ቈጥሯል፤ አገር፣ ሹመት፣ ተራራና ወንዝ፣ የተሰወረ ደዌ፣ እንስሳ፣ ዕቃና ግምጃ። የተከለከሉበት ምክንያት በአብዛኛው የታወቀ ነው። የሞተ አለቃ ስም በዚያ አገር አይጠራምና በወንዝ ስም የተጠራ መስፍን ሲሞት ወንዙ ስም ያጣል። ከስድስቱ አንዱ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ለዚህ ነገር ይጠቅማል፤ ልጅን በተሰወረ ደዌው አትጥሩት የሚለው ነው። የኋላ ዘመን ኮከብ ቈጣሪዎች ደዌውን አልጻፍንም፣ መድኃኒቱን ጻፍን እንጂ ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ልማዱን የሚያውቅ ሁሉ «ቱ» የተባለውን ልጅ ሲሰማ መሬት እንደ ጐደለው ያውቃል፤ በደጃፍ የተሰቀለ መድኃኒት በቤት ውስጥ ሕመምተኛ መኖሩን ያውጃልና።

ከሉ ሹን አገር ከሻውሺንግ አካባቢ በ27 ዓ.ም. የተወለደ ዋንግ ቾንግ የሚባል ደፋር ሊቅ ነበረ። በዘመኑ የነበሩ ቈጣሪዎች የቤተ ሰብን ስም በድምፁ ከአምስቱ ኃይሎች ለአንዱ እየመደቡ የቤት በር ወደ የት አቅጣጫ መከፈት እንደሚገባው ይወስኑ ነበር። ዋንግ ቾንግ የቤተ ሰብ ስም የሚገኘው ከትውልድ ነው እንጂ ከአፍ መከፈትና መዘጋት አይደለም ብሎ ተከራከራቸው። ክርክሩ ዛሬም ብርቱ ነው፤ ልማዱን ግን አላጠፋውም። ፍርሃት በክርክር የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ከዓለም በጠፋ ነበር።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ በቻይናውያን እንዳይስቅ የራሱን አገር ነገር ማስታወስ አለበት። ዐውደ ነገሥት የሚባለውን መጽሐፍ ይዘው የሚቈጥሩ ሰዎች የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል በቍጥር ለውጠው፣ ደምረውና ገድፈው ኮከቡን ያወጣሉ፤ ኮከቡንም ለእሳት ወይም ለመሬት፣ ለነፋስ ወይም ለውኃ ይመድቡታል። ልዩነቱ የአካሄድ ብቻ ነው። ቻይናዊው ከሰዓቱ ተነሥቶ ስሙን ያገኛል፤ ይኸኛው ከስሙ ተነሥቶ ኮከቡን ያገኛል። እንዲያውም በማስተዋል ሲታይ የቻይናዊው የተሻለ ርኅራኄ አለው፤ እርሱ ጕድለት ሲያገኝ ለመሙላት ይሞክራል፤ የዐውደ ነገሥቱ ቈጣሪ ግን ዕድልህ ይህ ነው ብሎ ይለያል። በክርስቲያን አገርም ይህ አዲስ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ካህን ሳለ የቆሮንቶስን የመጀመሪያ መልእክት ሲተረጕም በዘመኑ የነበረውን ልማድ ነቅፏል። ሰዎቹ ሕፃን ሲወለድ ብዙ መብራት አብርተው ለእያንዳንዱ መብራት ስም ይሰጡ ነበር፤ ከሁሉ በኋላ የጠፋው መብራት ስም ለሕፃኑ ይሰጣል፣ ዕድሜው እንዲረዝም። ሕፃኑ በልጅነቱ ቢሞትስ? አፈ ወርቅ ያን ጊዜ የሚስቀው ሰይጣን ነው ይላል። ልጆችን በቅዱሳን ስም ጥሩ ብሎም ያዛል።

በዚህ ላይ አንድ ጠያቂ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያንስ ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ስታጠምቅ ብዙ ጊዜ በቀኑ የሚታሰበውን ቅዱስ አይታ ስም ታወጣ የለምን፤ ይህስ ቀን መቍጠር አይደለምን ሊል ይችላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱም በሰዋስው ውስጥ ይገኛል። ገብረ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ሁሉ ዘርፍ ያላቸው ስሞች ናቸው። «ገብረ» ብቻውን አይቆምም፤ የማን ብሎ ይጠይቃል፣ ዘርፉ ሲመጣ ያርፋል። እንዲህ ያለ ስም ሕፃኑ ምን እንደ ጐደለው አይናገርም፤ የማን እንደ ሆነ ይናገራል። በቻይና ራሷ የነበሩ ክርስቲያኖች ይህን ያውቁ እንደ ነበር የሚያሳይ ድንጋይ አለ። በ781 ዓ.ም. በቻንግአን ከተማ የቆመው ሐውልት ወንጌል በ635 ዓ.ም. ወደዚያ አገር መግባቱን ይተርካል። ሰዎቹ ከንስጥሮስ ወገን መሆናቸው ያሳዝናል፤ ትጋታቸው ግን አይካድም። ጽሑፉን ያዘጋጀው ካህን በቻይና ፊደል ጂንግጂንግ፣ በሱርስት ፊደል አዳም ተብሎ ተጽፏል። የቻይናው ስም ብሩህና ንጹሕ ማለት ነው፤ የሱርስቱ ስም ከመሬት መገኘቱን ይናገራል፤ ቈጣሪ መሬት ጐደለው ስላለ ግን አይደለም።

ለቻይናውያንም ፍትሕ ለማድረግ፣ አምስቱን ኃይሎች ከፍርሃት አውጥተው ለክብር ያዋሉባቸው ቤተ ሰቦች መኖራቸውን መናገር ይገባል። ከ1130 እስከ 1200 የኖረው ታላቁ ሊቅ ዡ ሺ የአባቱ ስም ሶንግ ነበር፤ ጥድ ማለት ነው፣ ዛፍ አለበት። የዡ ሺ የራሱ ስም ፊደል ከታቹ እሳት አለው፤ ዕፅ እሳትን ወልዷልና። የሦስቱ ልጆቹ ስሞች መሬት፣ የልጅ ልጆቹ ስሞች ብረት፣ የእነርሱም ልጆች ስሞች ውኃ አለባቸው። የዚህ ቤት ልጅ በስሙ የሚነበበው ጕድለቱ አይደለም፤ ማን እንደ ወለደው ማንንም ሊወልድ እንደሚገባው ነው። ትርጓሜዎቹ ከ1313 እስከ 1905 ድረስ ለመንግሥት ፈተና መሠረት ሆነው የኖሩት ይህ ሊቅ ብዙ መጻሕፍት ጽፏል፤ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ አጭሩ ግን ይህ በልጆቹ ስም የተጻፈው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚንግን መንግሥት የመሠረተው ዡ ዩዋንጃንግም ይህንኑ ለነገሥታት ቤት ሕግ አደረገው። በ1368 ዓ.ም. ከነገሠ በኋላ ለልጆቹ ለእያንዳንዱ ዘር ሃያ ሃያ ፊደል አዘጋጀ፤ እያንዳንዱም ትውልድ ከዚያ አንድ ፊደል ወስዶ ሁለተኛውን ከአምስቱ ኃይሎች በተራው ከሚደርሰው ያወጣ ነበር። ልጆቹ በዕፅ፣ የልጅ ልጆቹ በእሳት፣ ከዚያም በመሬት፣ በብረት፣ በውኃ ተጠሩ። ዘሩ እጅግ ስለ በዛ ያለው ፊደል አልበቃ ብሎ ማንም የማያውቃቸው ፊደላት ለመሳፍንቱ ስም ተፈለጉ፤ ከእነዚህ ከብረት ወገን የሆኑት አንዳንዶቹ ዛሬ በቻይና የኬሚስትሪ ትምህርት የማዕድናት ስም ሆነው ያገለግላሉ። መዞሩ ሁለት ጊዜ ተፈጽሞ ሦስተኛው ከዕፅ ሲጀምር የመጨረሻው ንጉሥ ዡ ዩጂየን ነገሠ። በስሙ ዛፍ ነበረ። በ1644 ዓ.ም. ዐመፀኞች ቤይጂንግ በገቡ ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ በስተኋላ ባለው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከዛፍ ራሱን ሰቀለ። ቅኔ ለሚወድ ሰው ይህ ብርቱ ፈተና ነው፤ ሰሙም ወርቁም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ነገር ግን መንግሥቱን የጣለው ፊደሉ አይደለም፤ ረኀቡ፣ ደመወዝ ያጣው ሠራዊትና የተጨቈነው ገበሬ ነው። ስሙን በማስተካከል ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው የደከመ ቤት፣ ሌላውን ነገር ለማስተካከል እንደዚያ አልደከመም።

ስም የሚያድን መስሎ የታመነበት አገር፣ ስም የሚገድልበትም አገር ይሆናል። በ790 ዓ.ም. የተወለደው ባለ ቅኔ ሊ ሀ በወጣትነቱ ለታላቁ የመንግሥት ፈተና በተዘጋጀ ጊዜ ተቃዋሚዎች ተነሡበት። ምክንያታቸው የአባቱ ስም ጂንሱ ስለ ነበረ ነው፤ የፈተናው ማዕርግ ጂንሺ ይባላል፣ ድምፁም ይቀራረባል፤ ልጅም የአባቱን ስም በአፉ አያነሣም። ወዳጁ ሀን ዩ የአባት ስም ሰብአዊነት የሚል ቢሆን ልጁ ሰው መሆን ሊቀርበት ነውን ብሎ ጽፎ ተሟገተለት፤ በቻይና ቋንቋ ሁለቱ ቃላት በድምፅ አንድ ናቸውና። ሙግቱ የተደነቀ ሆኖ ቀረ፤ ሊ ሀ ግን ማዕርጉን ሳያገኝ በ816 ዓ.ም. ሞተ። አባቱ ስሙን ሲቀበል ልጁን የሚጎዳ መስሎት አልነበረም፤ ሰዎች ግን ከስሙ ግድግዳ ሠሩበት።

ኮንፊሽየስ መንግሥት በእጅህ ቢገባ አስቀድመህ ምን ታደርጋለህ ተብሎ ሲጠየቅ ስሞችን አቃናለሁ ማለቱ ይታወቃል። ብዙዎች ይህን የቃላት ትምህርት አድርገው ያልፉታል። አሳቡ ግን ንጉሥ የተባለ እንደ ንጉሥ፣ አባት የተባለ እንደ አባት ይሁን ማለት ነው፤ ስም የተሸከሙት ዕዳ ነው ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከሕፃኑ ስም አስቀድሞ ሊቃና የሚገባው በዚያው ቀን የተሰጠ ሌላ ስም አለ። ሕፃኑ በተወለደ ሰዓት ሰውዬው «አባት» ተብሏል። ስምንቱን ፊደላት ወደ ቈጣሪ ይዞ ሲሄድ ይህን የራሱን ስም ማን ይቈጥርለታል? ለልጁ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ከማስመርመሩ በፊት በራሱ ዘንድ ልጁ የሚያጣው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ መልሱን ያለ ኮከብ ያገኘው ነበር።

ይህ ሁሉ ከወንዶች ስም የተነሣ ነው። የሴቶቹ ግን ከዚህ የበረታ ነው። በቻይና ወንድ ልጅ ፈልገው ሴት የወለዱ ወላጆች ልጃቱን «ጃውዲ» ወይም «ላይዲ» ብለው የመጥራት ልማድ ነበራቸው፤ የመጀመሪያው ታናሽ ወንድምን ጥሪ፣ ሁለተኛው ታናሽ ወንድም ይምጣ ማለት ነው። ፊደሉንም አንዳንድ ጊዜ ሲጽፉት በጐኑ የሴት ምልክት ያለበትን ይመርጣሉ፤ ሴት ከውጭ ትታያለች፣ ወንድም ከውስጥ ተደብቋል። ቀደም ብሎ ቸርነት በሚለው ፊደል ውኃ የተደበቀበት ያው ጥበብ ነው፤ እዚህ ግን ሰሙ ልጅቱ ሆነች፣ ወርቁም እርሷ አይደለችም። መሬት የጐደለው ልጅ ቢያንስ የጐደለው የራሱ ነበር። ይህች ልጅ ግን ምንም አልጐደላትም፤ ራሷ ጕድለት ተብላ ተጠራች። ለውኃ መቅዳት፣ ለእህል መፍጨት በተጠራች ቍጥር ያልተወለደ ሌላ ሰው ይጠራል። ወንድሙም በተወለደ ጊዜ ስሟ ሥራውን ጨርሷል፤ እርሷ ግን ስሙን ይዛ ትኖራለች።

ከዚህ ላይ ስለ ዘርፍ የተባለው እንደ ገና ሊታይ ይገባል። ወለተ ማርያምም የሌላ ስም በስሟ ውስጥ ይዛለች፣ ጃውዲም እንዲሁ። ስለዚህ ስም ወደ ሌላ ማመልከቱ ብቻ በጎ አያደርገውም። አንዲቱ የምትጠራው በሚቀበላት ነው፤ ሌላይቱ የምትጠራው በሚተካት ነው። በኢትዮጵያም ማስረሻ፣ ምትኩ፣ ካሣ የሚባሉ ስሞች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሞተ ልጅ በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጡ ናቸው። እነዚህ ስሞች ክፉ ናቸው ለማለት ማንም አይደፍርም፤ ያዘነች እናት በዕንባዋ መካከል ያገኘቻቸው ናቸው። ቢሆንም ማስረሻ የተባለ ሰው ያላየውን ወንድሙን ሞት ዕድሜውን ሁሉ ሲያስታውስ መኖሩ የሚያሳስብ ነገር ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያሉ ሁለት ልጆች አሉ። ያቤጽ በጭንቅ ስለ ተወለደ እናቱ በጭንቋ ስም ጠራችው፤ እርሱ ግን ጭንቅ እንዳያገኘው ወደ እግዚአብሔር ለመነ፣ የለመነውንም አገኘ። ስሙን የለወጠለት አልነበረም፤ ልመናው ከስሙ በለጠ። ሌላው የራሔል ልጅ ነው። ራሔል በመንገድ ላይ ወልዳ ነፍሷ ስትወጣ ልጇን የኀዘኔ ልጅ ብላ ጠራችው። ያዕቆብ ከማንም ይልቅ የሚወዳትን ሚስቱን በዚያች ሰዓት አጥቷል፤ የመጨረሻ ቃሏን መጠበቅ ለማንኛውም ሰው እንደ ኪዳን ይመስለዋል። እርሱ ግን ኀዘኑን ለራሱ ወሰደና ልጁን ብንያም አለው፤ የቀኝ እጅ ልጅ ማለት ነው። በራሔልም መቃብር ላይ ሐውልት አቆመ፤ ኀዘኑ በድንጋይ ላይ ተጻፈ፣ በሕፃኑ ላይ አልተጻፈም።

የጃውዲዎቹ አባቶች ይህን አላደረጉም። በ2021 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የቻይና ፍትሐ ብሔር ሕግ ስምን መወሰንና መለወጥ የሰው መብት መሆኑን ይናገራል፤ በእነዚህ ዓመታትም በዚያ ስም ያደጉ ሴቶች አዋቂዎች ከሆኑ በኋላ ወደ ፖሊስ መዝገብ ቤት እየሄዱ ስማቸውን ሲያስለውጡ ተሰምቷል። ያዕቆብ ባንዲት ሰዓት ያደረገውን እነርሱ በብዙ ወረቀት ያደርጉታል፤ መታወቂያው፣ የባንክ ደብተሩ፣ የትምህርት ምስክር ወረቀቱ በየተራው ይጠየቃል። ምክንያቱን የሚጽፉበት ቦታ በማመልከቻው ላይ አለ። በቤት ግን እናቲቱ ልጇን ከደጅ ስትጠራ ለብዙ ጊዜ በለመደችው ስም መጥራቷ አይቀርም፤ ልጅቱም አቤት ትላለች።